ድምፁ የተዘጋ ታካሚ ሲመጣ፦ የማይንቀሳቀስ የድምፅ አውታርን ምክንያት ደረጃ በደረጃ መፈለግ

ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከሸዋ ሮቢት የሚደወልልኝ ስልክ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። “ታካሚው ድምፁ ከተዘጋ ሁለት ወር ሆኖታል። አሞክሳሲሊን ሰጠነው፣ አልተሻለውም። የጨጓራም ጨመርንለት፣ ያው ነው። አሁን ምን እንስጠው?” እኔም ደብረ ብርሃን ሆኜ የምመልሰው ያው ነው፤ መድኃኒት ከመጨመራችሁ በፊት አውታሩ ይታይ። እስኪታይ ድረስ ግን በእጃችሁ የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ። ያንን ሥራ በስልክ እየቆራረጥኩ ከምነግራችሁ አንድ ላይ አድርጌ ጻፍኩት።

የጻፍኩት በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለምትሠሩ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ጠቅላላ ሐኪሞች ነው። አስታማሚ ሆናችሁ የምታነቡም 1ኛውን ደረጃ አትለፉት።

መጀመሪያ የነርቩን መንገድ ያዙ

ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ማንቁርት ውስጥ ናቸው። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፤ ስንናገር፣ ስንውጥና ልንስል ስንል ይገጥማሉ። የሚያንቀሳቅሳቸው ቬገስ ከሚባለው ከአሥረኛው የራስ ቅል ነርቭ የሚወጣ ቅርንጫፍ ነው፤ ሪከረንት ላሪንጂያል ይባላል። ቬገስ ከራስ ቅል ሥር ወጥቶ በአንገት ጎን ይወርዳል። የቀኙ ቅርንጫፍ ወደ ቀኝ ክንድ የሚሄደውን ትልቅ የደም ሥር ከታች ዞሮ ይመለሳል። የግራው ግን ደረት ውስጥ ገብቶ፣ አኦርታ የሚባለውን ከልብ የሚወጣ ትልቅ የደም ሥር ቅስት ከሥር ዞሮ፣ በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል ተመልሶ ይወጣል። ጣርማ በር ላይ ሥራ ያለው ሰው ሸዋ ሮቢት ወርዶ እንደገና ጣርማ በር እንደሚወጣ ቁጠሩት። መንገዱ ስለረዘመ የሚጎዳበት ቦታም ብዙ ነው። የግራው አውታር ከቀኙ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚቆመው፣ ግራው ሲቆምም ደረት ሳይታይ የማይታለፈው ለዚህ ነው።

ይህን መንገድ በራሳችሁ አንገትና ደረት ላይ በጣት አስኬዱት። ከዚህ በታች ያለው ምርመራ ሁሉ በዚሁ መንገድ ላይ መሄድ ነው፤ ነርቩ ወይም አውታሩ የተያዘው ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ አንገት ላይ ነው፣ ደረት ውስጥ ነው ወይስ እዚያው ማንቁርት ላይ?

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ
- አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃና የሻይ ማንኪያ
- የግንባር ባትሪ፣ ምላስ መጫኛ፣ ጎዝ፣ ጓንት፣ ማስክ
- ማዳመጫና ኦክሲጅን መለኪያ
- ካለ፣ የማንቁርት መስታወት ቁጥር 4 ወይም 5፣ ማሞቂያ ሙቅ ውኃ በሳህን
- የታካሚው የቆዩ ወረቀቶች በሙሉ፦ የኦፕራሲዮን ወረቀት፣ ራጅ፣ የመድኃኒት ማዘዣ

የመጨረሻውን እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። ታካሚው ከሞላሌ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ደርሶ፣ “ኦፕራሲዮን የተደረጉበት ወረቀት የት አለ?” ሲባል “ቤት ነው” የሚልበትን ቀን ደጋግሜ አይቻለሁ። ያ ወረቀት የትኛው ጎን እንደተነካ ይናገራል፤ ያለ እሱ ግማሹ ምርመራ ግምት ይሆናል።

1ኛ ደረጃ፦ ከድምፁ በፊት ትንፋሹን እዩ

ታካሚው ዝም ብሎ ሲቀመጥ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል? የአንገቱ ሥርና የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ ይገባል? ሌሊት ተኝቶ ይብስበታል? የመጨረሻውን አጠገቡ የሚተኛውን ሰው ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ አውታር ሲቆም ድምፅ ይጠፋል፣ ትንፋሽ ግን ብዙም አይቸገርም። ሁለቱም መሃል ላይ ሲቆሙ ነገሩ ይገለበጣል፤ የተቀራረቡ ስለሆኑ ድምፁ ደህና ሊመስል ይችላል፣ የአየሩ መግቢያ ግን ጠቧል። “ጥሩ እያወራ ነው” ብላችሁ አትዘናጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ አየር ሲስብ የሚጮህ ታካሚ ጉሮሮ ውስጥ መስታወትም ምላስ መጫኛም አታስገቡ፤ በጀርባው አታስተኙት። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ኦክሲጅን ስጡት፣ የአየር ቧንቧ መክፈት የሚችል ሰው ወዳለበት ሆስፒታል በአምቡላንስ፣ ከባለሙያ ጋር፣ ደውላችሁ ላኩት። የኦክሲጅን መለኪያው ቁጥር ደህና ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ የአየር መንገድ ሲጠብ ቁጥሩ የሚወርደው ዘግይቶ ነው። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ከ2,800 ሜትር በላይ ያለ ቦታ ደግሞ የጤነኛውም ቁጥር ቆላ ካለው ሰው ያነሰ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ብቻ ማየት በሁለቱም በኩል ያሳስታል።

በቅርብ ቀን የእንቅርት ኦፕራሲዮን ያደረገ ሰው እንዲህ ሲሆን ሌላም ነገር አስቡ። የከንፈሩ ዙሪያና የጣቱ ጫፍ ይደነዝዘዋል? እጁ ይጨመደዳል? ካልሲየም ሲወርድም ማንቁርት ይኮማተራልና ካልሲየም ይለካ፤ መለካት ካልተቻለ ምልክቱን አይታችሁ በደም ሥር ካልሲየም ከመስጠት አትዘግዩ።

ትንፋሹ ሰላም ከሆነ ወደሚቀጥለው እለፉ።

2ኛ ደረጃ፦ ድምፁን አዳምጡ፣ ጊዜውን ለኩ

ስሙን፣ የመጣበትን ቀበሌና ምን እንደሆነ በራሱ አነጋገር ይንገራችሁ፤ በስልክ ቅዱት። ከሦስት ወር በኋላ ተሻለው ወይስ ባሰበት የሚለውን የሚፈርደው ይህ ቅጂ ነው። ከመቅዳት በፊት ፈቃዱን ጠይቁ።

አየር የሚያመልጥበት፣ ሹክሹክታ የመሰለና ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ የሚያልቅበት ድምፅ አውታሮቹ እንደማይገጥሙ ያመለክታል። ሻካራና ደረቅ ሆኖ አየር የማያመልጥበት ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ አውታሩ ላይ የበቀለ ወይም ያበጠ ነገር ነው።

ከዚያ በረጅሙ አየር ስቦ “ኣ” እያለ እስከቻለ ይቆይ። ሦስት ጊዜ አስደርጉትና ረጅሙን ያዙ። ጤነኛ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ 15 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ከ10 በታች ከሆነ አየር በመሃል እያመለጠ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ቀጥሎ “ስ” እያለ፣ ኋላም “ዝ” እያለ በየተራ ይቆይ። “ስ” ስንል አውታሮቹ አይሠሩም፣ አየር ብቻ ነው፤ “ዝ” ስንል ይሠራሉ። ሳንባው ደክሞ ከሆነ ሁለቱም ያጥራሉ። “ስ” ከ“ዝ” 1.4 እጥፍና ከዚያ በላይ ከረዘመ ግን ችግሩ ያለው አውታሩ ጋ ነው። ለዚህ ምርመራ ከሰዓት በቀር ምንም አያስፈልግም፣ ሁለት ደቂቃም አይፈጅም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ድምፁን ከወፍራም ወደ ቀጭን እንዲያወጣ ጠይቁት። ንግግሩ ደህና ሆኖ ከፍ ሲል ብቻ የሚጠፋበት ከሆነ የተጎዳው ሌላው ቅርንጫፍ፣ ላይኛው ላሪንጂያል ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ አውታሩን የሚወጥረው እሱ ነው። ከእንቅርት ኦፕራሲዮን በኋላ ይታያል። “ግዕዙን እለዋለሁ፣ አራራዩ ላይ ስደርስ ድምፄ አልወጣ ይለኛል” የሚል ካህን ሲመጣላችሁ “ዕድሜ ነው” ብላችሁ አትመልሱት።

3ኛ ደረጃ፦ ጠይቁ፣ ቀኑንም ያዙ

የመጀመሪያው ጥያቄ መቼና እንዴት ጀመረ የሚለው ነው። በአንድ ቀን ከሆነ ኦፕራሲዮን፣ አደጋ ወይም ስትሮክ ይመጣል። ቀስ እያለ ሳምንታት ከፈጀ ዕጢ ወይም ንፍፊት ነርቩን እየተጫነው ይሆናል። ሌሊት እየተሻለው ቀን ሲናገር እየደከመ የሚሄድ ከሆነ የጡንቻ ድካም በሽታን አስቡ፤ ከ1 እስከ 50 ሲያስቆጥሩት ድምፁ እየሳሳ የዓይኑ ሽፋን ሊወርድ ይችላል።

ቀጥሎ የአንገት፣ የደረት፣ የልብ ወይም የአንገት አከርካሪ ኦፕራሲዮን ጠይቁ። ለሌላ በሽታ በሙሉ ማደንዘዣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ በአፉ ቱቦ ገብቶለት ከነበረም ጠይቁ፤ ሆዱን የተከፈተ ሰው ድምፁን ከዚያ ጋር አያያይዘውም። የእንቅርት ኦፕራሲዮን ካለ፣ “ድምፅዎ የጠፋው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ነው ወይስ ከዚያ በኋላ?” በሉ። በኋላ ከሆነ ነርቩ ተነክቷል ወይም አብጧል። በፊት ከሆነ ግን እንቅርቱ ራሱ ነርቩን ይዞታል ማለት ነው፤ ይህ ካንሰርን ያስጠረጥራልና የእንቅርቱ ናሙና ውጤት ይፈለግ።

ክብደት መቀነስ፣ ማታ ማላብ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ሲጋራ፣ አረቄ፣ ጠንካራ ምግብ ጉሮሮ ላይ መቆም፤ አንዱንም አትዝለሉ። ሲጋራ ይጠጣሉ ወይ ስትሉ ድሮ ያጨሱ እንደሆነም ጨምሩ።

በእኛ አካባቢ የምጨምረው አንድ ጥያቄ አለ፤ ውኃ የሚጠጡት ከየት ነው? ከምንጭ ወይም ከወንዝ በአፉ ጎንበስ ብሎ የጠጣ እረኛ ድምፁ ተዘግቶ ደም እየተፋ ሲመጣ አልቅት ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል። አውታሩ አልቆመም፣ ግን ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል፤ ካልታየም ደም እየመጠጠ ይቆያል።

4ኛ ደረጃ፦ ሳሉንና አዋዋጡን ፈትኑ

“ጠንከር አድርገው ይሳሉ” በሉት። ጤነኛ ሳል አውታሮቹ ገጥመው በድንገት ሲለቁ የሚወጣ ፍንዳታ ነው። አንዱ ካልገጠመ ሳሉ ልል፣ አየሩ የሚሾልክና እንደ በሬ ሳል ያለ ይሆናል። በአንጻሩ ድምፁ ፈጽሞ ጠፍቶ በሹክሹክታ እየተናገረ ሳሉና ሳቁ ግን ጥርት ብሎ የሚወጣ ከሆነ፣ አውታሮቹ መግጠም እንደሚችሉ አሳየን ማለት ነው፤ ችግሩ አጠቃቀም ላይ ነው። እሱንም በክብር ያዙት፣ አስመሳይ አይደለም፤ ድምፁ በልምምድ ይመለሳል።

ከዚያ ውኃ። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። በሻይ ማንኪያ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ጎንጨት። ትን ካለው እዚያው አቁሙ። ካልሳለም ከዋጠ በኋላ “ኣ” ይበልና አዳምጡ፤ ድምፁ ውስጥ ውኃ የሚንኮረኮር ከመሰለ ገብቶበታል። የሚፈዝዝ ወይም ትንፋሹ የተቸገረ ሰው ላይ ይህን አታድርጉ። ትን ሳይለው በዝምታ ወደ ሳንባ የሚገባበትም አለና ደጋግሞ የሳንባ ምች የሚይዘውን ሰው ውኃውን ደህና ዋጠ ብላችሁ አትልቀቁት።

ከእንቅርት ኦፕራሲዮን በኋላ የመጡ አንዲት እናት “ውኃ ትን ይለኛል፣ በሶ ግን ደህና ይወርድልኛል” አሉኝ። ብርጭቆውን ስሰጣቸው ፊታቸውን ወደ ግራ ትከሻቸው አዞሩና ጠጡ፤ ምንም አላሉም። “እማማ፣ ፊት ለፊት እያዩ ይጠጡ እስቲ” አልኳቸው። አንድ ጊዜ እንደተጎነጩ ሳላቸው ተነሣ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ረጅም ጊዜ ቆዩ። የቆመው የግራ አውታራቸው ነበር። ወደ ደከመው ጎን መዞር በዚያ በኩል ያለውን የጉሮሮ መንገድ ይዘጋና ውኃውን በጤነኛው በኩል ያሳልፈዋል። ማንም ሳያስተምራቸው ራሳቸው አግኝተውታል። ታካሚያችሁ ሲጠጣ አንገቱን እዩ፤ ቀጠሮ እስኪደርስም ይህንኑና ወፈር ያለ ነገር መጠጣትን አስተምሩት።

5ኛ ደረጃ፦ ከላይ እስከ ደረት በእጅና በዓይን ውረዱ

አፉን ከፍቶ “ኣ” ሲል እንጥሉና ለስላሳው ላንቃ ቀጥ ብለው ይነሣሉ? ወደ አንድ ጎን ከተሳበ ጉዳቱ ከላይ፣ ከራስ ቅል ሥር ወይም ከአንጎል ግንድ ነው፤ ላንቃው የሚሳበው ወደ ጤነኛው ጎን ነው። ምላሱን ያውጣ፤ እሱ ደግሞ የሚጠመመው ወደ ታመመው ጎን ነው። ትከሻውን ሽቅብ ያንሣ። እነዚህ ነርቮች ራስ ቅል ሥር ተጠጋግተው ስለሚወጡ፣ ከድምፁ ጋር አንዱም ከደከመ አንገት ላይ መፈለጋችሁን ትታችሁ ወደ ላይ ውጡ። ማዞር፣ የማያቆም ስቅታና የፊት ግማሽ መደንዘዝ በድንገት አብረው ከመጡ ስትሮክ ነው፤ ቀጠሮ አይሰጥም።

የዓይኑ ሽፋን በአንድ በኩል ወርዶ ብሌኑ ጠቦ ከሆነ የዚያን በኩል የሳንባ ጫፍና የታችኛውን አንገት ጠርጥሩ።

አንገቱን ከኋላው ቆማችሁ ዳስሱ። እንቅርት አለ? ሲውጥ አብሮ ይነሣል ወይስ ተጣብቆ ቀርቷል? ደረቅ ነው? በጎንና ከአንገት አጥንት በላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ንፍፊት ፈልጉ። በደጋው እንቅርት እንግዳ ስላልሆነ “ድሮም ነበረ” ይባላል፤ የቆየ እንቅርት በወራት ውስጥ ሲያድግና ድምፅ ሲዘጋ ግን አስቸኳይ ነው።

ደረቱን ስታዳምጡ ሳንባው ላይ ብቻ አትቁሙ። ሃያዎቹ ውስጥ ያለች አንዲት ወጣት በጉሮሮ ሕመም ስትታከም ከርማ መጥታ ነበር። እስከ መመርመሪያ አልጋው ስትደርስ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች። በግራ ጎኗ አስተኝቼ ማዳመጫውን ከግራ ጡቷ በታች ሳደርግ፣ ልቧ ደም ሲሞላ የሚሰማው ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ነበረ። በቁርጥማት የተጎዳ ቫልቭ ጠቦ፣ የግራው የልብ ክፍል አብጦ፣ የሳንባ ደም ሥርም ተለጥጦ ነርቩን ከአኦርታ ሥር ይጫነዋል። የቁርጥማት ልብ በሽታ በእኛ አገር በወጣቶች ዘንድ ብዙ ስለሆነ፣ ግራ አውታር ቆሞ የሚያለከልክ ወጣት ሲመጣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሳይታዘዝ አይሂድ።

6ኛ ደረጃ፦ አውታሩን እዩ ወይም የሚያይ ዘንድ ላኩ

ድምፁ ተዘግቶ በ4 ሳምንት ያልተሻለው ሁሉ ማንቁርቱ መታየት አለበት። 4 ሳምንት የማይጠበቅላቸው አሉ፦ በቅርቡ የአንገት ወይም የደረት ኦፕራሲዮን የተደረገ፣ ቱቦ የገባለት፣ አንገቱ ላይ እብጠት ያለው፣ የሚያጨስ፣ ትንፋሹ የተቸገረ፣ በድምፁ የሚተዳደር እንደ መምህርና ካህን ያለ። ሲቲ ስካን ከዚህ ምርመራ አይቀድምም፤ ማንቁርቱ ላይ ያለ ትንሽ ነገር ሲቲ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ለታካሚውም ከባድ ወጪ ነው።

መስታወት ካላችሁና ከተለማመዳችሁ፦ ታካሚው ቀጥ ብሎ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ አገጩን ትንሽ አንሥቶ ይቀመጥ። ምላሱን በጎዝ ይዛችሁ ወደ ፊት ሳቡ። መስታወቱን በሙቅ ውኃ አሙቁ፣ ጥረጉ፣ ሙቀቱን በእጃችሁ ጀርባ ላይ ለኩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ሲጠና ያልሞቀ መስታወት ትንፋሽ እንደነካው ይደበዝዛል፣ ከልክ በላይ የሞቀው ደግሞ ላንቃ ያቃጥላል። በመስታወቱ ጀርባ እንጥሉን ወደ ላይና ወደ ኋላ ደግፉ፤ የምላሱን ሥር አትንኩ፣ የሚያስመልሰው እሱ ነው። ማደንዘዣ ከረጫችሁ ለ1 ሰዓት ያህል አይብላ፣ አይጠጣ።

ከዚያ “ኢ” ይበል፤ ሁለቱ ይገጥማሉ። በአፍንጫው አየር ሳብ ያድርግ፤ ይከፈታሉ። “ኢ”፣ ሳብ፣ “ኢ”፣ ሳብ እያለ በቶሎ ይደጋግም። አንዱ ከሌላው ወደኋላ ሲቀር የሚታየው በዚህ መፈራረቅ ነው፤ አንድ ጊዜ “ኢ” ብሎ ብቻ የታየ ከፊል ድካም ያመልጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ በመስታወት ውስጥ ፊትና ኋላ ይገለበጣል፣ ቀኝና ግራ ግን አይገለበጥም። ታካሚው ፊት ለፊታችሁ ስለተቀመጠ የእሱ ቀኝ በእናንተ ግራ ነው። ስትጽፉ “የታካሚው ግራ” ብላችሁ ጻፉ። ጎኑ ከተሳተ ደረት መታየት ያለበት ሰው ሳይታይ ይቀራል።

መስታወት ከሌላችሁ አልትራሳውንድ ያለው ሐኪም ይርዳችሁ። በአንገት ፊት በኩል አድርጎ የአውታሮቹን እንቅስቃሴ በብዙ ሴቶችና ወጣቶች ላይ ማየት ይችላል፤ በሸመገሉ ወንዶች የማንቁርቱ ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) ስለሚጠጥር አያሳይም። እንቅርቱንም በዚያው ያየዋል። ይህ ለጥርጣሬ ማጠናከሪያ እንጂ የአንገት በላይ (የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ) ሐኪም በካሜራ የሚያየውን አይተካም።

7ኛ ደረጃ፦ ነርቩ ነው ወይስ ቦታው ተቆልፎ?

“አይንቀሳቀስም” እና “ሽባ ሆኗል” አንድ አይደሉም። ነርቩ ደህና ሆኖ አውታሩ የተጣበቀበት ትንሽ መገጣጠሚያ በጠባሳ፣ በመገጣጠሚያ ቁርጥማት ወይም ቱቦ ሲገባ በመውለቅ ሊቆለፍ ይችላል። ካንሰርም ሥር ሰድዶ ሊያስረው ይችላል። ስለዚህ ማየት የተቻለው ሰው አውታሩ ላይ ቁስል፣ እብጠት ወይም ጠባሳ መኖሩን ይጻፍ። መለየቱ የሚጠናቀቀው በማደንዘዣ ሥር መገጣጠሚያውን በመሣሪያ ገፋ አድርጎ በመሞከር ነው፤ የሚገፋ ከሆነ ነርቭ፣ አልገፋ ካለ ቁልፍ። የማንቁርት ጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ በሚሠራበት ቦታ ደግሞ ከ1 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ቢደረግ ይሻላል።

እናንተ ዘንድ የሚያስፈልገው ታሪኩ ነው። ቱቦ ለቀናት ገብቶለት የነበረ፣ ጣቶቹ የሚያብጡና ጠዋት የሚደርቁ፣ አንገቱን የተመታ፤ እነዚህን ጻፉ።

አውታሩ የሚንቀሳቀስ ሆኖ በተሳሳተ ጊዜ የሚንቀሳቀስበትም አለ። በአስም ስም የምትታከም ልጅ በድንገት ጉሮሮዋ ተይዞ፣ ድምፁ አየር ስታስገባ አንገቷ ላይ የሚሰማ፣ በሚነፋው መድኃኒት የማይለቅ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ የሚለቅ ከሆነ፣ አየር ሲሳብ መከፈት የነበረባቸው አውታሮች እየገጠሙ ይሆናል። ይህ የሚታየው ሲነሣባት ነው፤ አስታማሚዋ በስልክ ቪዲዮ ትቅረጽላችሁ።

8ኛ ደረጃ፦ በነርቩ መንገድ ላይ ምርመራ እዘዙ

የሚሳል ሁሉ የአክታ ጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ምርመራ) እና የደረት ራጅ ይደረግለት። የማንቁርት ቲቢ በጣም ይተላለፋልና ስትመረምሩ ማስክ አድርጉ፣ መስታወቱን በደንብ አጽዱ። ቲቢ በደረት ንፍፊት በኩልም ነርቩን ሊይዝ ይችላል።

ራጁን ስታዩ ከሁለቱም በኩል የሳንባ ጫፎችን፣ የልቡን የግራ ጠርዝና በአኦርታና በሳንባ ደም ሥር መካከል ያለውን ጎድጎድ እዩ። ያ ጎድጎድ ሞልቶ ከታየ ንፍፊት ወይም ዕጢ አለ። ራጅ ንጹሕ መሆኑ ደረቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ኦፕራሲዮን ወይም ሌላ ግልጽ ምክንያት የሌለው የቆመ አውታር ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል። ወረቀቱ ላይ “ከራስ ቅል ሥር እስከ ደረት መካከል፣ በሥዕል ማጉያ መድኃኒት (ኮንትራስት)” ተብሎ ይጻፍ፤ የታካሚው ጎንም አብሮ ይጻፍ። “የአንገት ሲቲ” ብቻ ከተባለ ሥዕሉ ከአኦርታ በላይ ይቆማል፤ የግራው ነርቭ የሚዞርበት ቦታ ሳይታይ ታካሚው እንደገና ይከፍላል። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ኩላሊቱ ይለካ። ላንቃው የተሳበ ወይም ሌላ የራስ ነርቭ የደከመ ከሆነ ኤምአርአይ ይመረጣል። የደም ምርመራ በጅምላ አትዘዙ፤ ታሪኩ ያመለከተውን ብቻ።

9ኛ ደረጃ፦ ሁሉም ታይቶ ምክንያቱ ካልተገኘ

ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቆም አውታር አለ። ግን ይህን ስም የሚያገኘው ሁሉም ከታየ በኋላ ብቻ ነው። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ሊመለሱ ስለሚችሉ ቋሚ ኦፕራሲዮን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 12 ወር ይቆያል። ትን የሚለውን፣ ክብደቱ የሚወርደውን ወይም ድምፁ እንጀራው የሆነውን ሰው ግን ዝም ብላችሁ አታስጠብቁ፤ አውታሩን ወደ መሃል የሚያስጠጋ ጊዜያዊ መርፌ ቀደም ብሎ ይሰጣል።

በየሦስት ወሩ ድምፁን በስልክ ቅዱ፣ “ኣ”ውን ለኩ፣ አንገቱን ዳስሱ። አዲስ ምልክት ከመጣ ሥዕሉ ይደገም።

10ኛ ደረጃ፦ የሪፈር ወረቀቱ

“ለድምፅ መዘጋት ለተሻለ ምርመራ” የሚል ወረቀት ለተቀባዩ ምንም አይነግረውም። እንዲህ ጻፉ፦ “ዕድሜ 48። ድምፅ ከተዘጋ 7 ሳምንት፣ ቀስ በቀስ። ኦፕራሲዮን የለም። ለ20 ዓመት አጭሷል። ኣ 6 ሰከንድ። ሳል ልል። ውኃ ትን ይለዋል። ላንቃ ቀጥ። በግራ ከአንገት አጥንት በላይ ንፍፊት። ትንፋሽ ሰላም።” ይህን ያነበበ ሐኪም የት እንደሚጀምር ያውቃል፤ ቀጠሮውንም ያፈጥነዋል።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

- አንቲባዮቲክ ላይ አንቲባዮቲክ። የቆመ ነርቭ በአንቲባዮቲክ አይነሣም፤ ጊዜው ግን ይሄዳል።
- አውታሩ ሳይታይ ስቴሮይድ መስጠት። ካንሰርንና ቲቢን ለጥቂት ቀን የተሻለ ያስመስላል፣ ቲቢን ደግሞ ያነሣሣል።
- ከእንቅርት ኦፕራሲዮን በኋላ “ቱቦው ነው፣ ይተወዎታል” ብሎ ያለ ቀጠሮ መሸኘት። የቱቦው ብዙውን ጊዜ በቀናት ይለቃል፤ 2 ሳምንት አልፎ ካልተመለሰ ይታይ።
- የሕፃን ትንፋሽ ሲጮህ ወይም ልቅሶው ሲሰልል እንጥል ማስቆረጥ። እናቲቱ ከመምጣቷ በፊት አስቆርጣለት ይሆናልና አፉን ክፈቱና እዩ፤ እየደማ ወይም አመርቅዞ ሊሆን ይችላል። አትቆጧት። የድምፅ አውታር ከእንጥል በታች፣ ማንቁርት ውስጥ እንዳለ በጣታችሁ አንገቷ ላይ አሳይታችሁ ንገሯትና ሕፃኑን በዚያው ቀን ላኩት።
- ስልክ ቁጥር አለመያዝ። የናሙናው ውጤት ካንሰር ብሎ ሲመጣ ታካሚው መንዝ ገብቷል። የራሱን ብቻ ሳይሆን የልጁን ወይም የጎረቤቱን ቁጥርም ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ የእሱ ድምፅ በስልክ ላይሰማ ይችላል።